ባሕር ዳር ቤት ስትገዙ ብር የሚያስበሉ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ልጅ ጋር ሽምብጥ አካባቢ አንድ ቤት አየን። ወደደው። ደላላው «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው» እያለ አጣደፈን። ጣና ዳር አንድ ጭማቂ ቤት ተቀመጥን። ሻጩ ከደብተር አንድ ሉክ ቀደደና «200,000 ብር ተቀብያለሁ» ብሎ ፈረመ። ቀን የለው፣ ምስክር የለው። በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ በተሻለ ዋጋ ለሌላ ሰው ተሸጠ።

አንደኛው ስህተት ይኸው ነው፤ የሚከፈለው ብር ምን እንደሆነ አለመጻፍ። «ቀብድ» የምትለው ቃል ትልቅ ጉልበት አላት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ብሩ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። «ተቀብያለሁ» ብቻ ከሆነ ግን ሻጭ «ቅድሚያ ክፍያ ነው» ብሎ ይከራከራችኋል። የአጎቴ ልጅ የሰጠውን ብቻ፣ እሱንም አራት ወር ተመላልሶ ነው ያገኘው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው፣ በመንደር ውል መተማመን ነው። የሰፈር ሽማግሌ ስለፈረመበት አትዘናጉ። የዚሁ ሕግ ቁጥር 1723 የቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን በተሰጠው አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ዋናውን ብር ከዚያ በፊት አትልቀቁ። ካርታውንም በስልክ በተላከ ፎቶ አትመኑ። ባንክ በብድር ይዞት ወይም ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል። እዳና እገዳ አለመኖሩን ራሳችሁ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄዳችሁ አጣሩ። ደላላው «እኔ አጣርቼዋለሁ» ቢል እንኳ ሂዱ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነስ? ቤቱ የጋራ ከሆነ የሚስቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። «ገጠር ናት፣ ስትመጣ ትፈርማለች» ከተባላችሁ፣ እስክትመጣ ጠብቁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በዘንዘልማ በኩልም ሆነ በሌላው ዳርቻ፣ የገበሬ መሬት በርካሽ ሲቀርብላችሁ አትጓጉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የከፈላችሁበት ውል አያስጥላችሁም።

ወጪውን በቃል መተውም ያጣላል። የስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብር ቀረጡን፣ የሽያጩን ግብር ማን ይከፍላል? ቦታው የሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ነው? እያንዳንዱ ውሉ ላይ ይስፈር። የደላላውን ኮሚሽን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ቁረጡ፤ ክፍያው ግን ስም ሲዛወር ይሁን።

ብሩን በጥሬው አትቁጠሩ። በባንክ አስተላልፉ፣ ምክንያቱ ላይም «የቤት ሽያጭ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ። የመጨረሻውን ክፍያም አስቀሩ። የአጎቴ ልጅ ዘንድሮ ሌላ ቤት ሲገዛ ከዋጋው 10 በመቶውን ካርታው በስሙ እስኪወጣ አልከፈለም። ሻጩ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። በኋላ የመብራቱንና የውሃውን ውዝፍ ከፍሎ፣ ደረሰኙን ይዞ መጥቶ ቀሪውን ተቀበለ።