ልምድ ሳይኖር በሰርተፊኬት አይቲ ሥራ ለመጀመር

ሰርተፊኬት ለቃለ መጠይቅ ያስጠራል እንጂ ቃለ መጠይቁን አያልፍልዎትም። ሦስት አራት ከመሰብሰብ አንዱን አጥብቆ መያዝ ይሻላል። ለጥገናና ለሄልፕ ዴስክ (የተጠቃሚዎችን የኮምፒውተር ችግር የመፍታት) ሥራ ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ኤ ፕላስ፣ ለኔትወርክ የሲስኮ ኩባንያ ሲሲኤንኤ ይበቃል። ኤ ፕላስ ለየብቻ የሚከፈልባቸው ሁለት ፈተናዎች ስላሉት በጀትዎን በዚያው ልክ ያስቡ። ሲሲኤንኤ ደግሞ አንድ የ120 ደቂቃ ፈተና ነው፤ ለ3 ዓመት ያገለግላል።

ልምዱን ቤትዎ ይፍጠሩት። ፓኬት ትሬሰር የተባለውን የሲስኮ የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም በነፃ አውርደው በውስጡ አንድ ራውተር፣ ሁለት ስዊችና አራት ኮምፒውተር ያገናኙ። ቪላን (በስዊች ላይ ተለይቶ የሚከፈል ኔትወርክ) 10 እና 20 ከፍተው ከአንዱ ወደ ሌላው ፒንግ ያድርጉ፤ ማለትም መልስ ይመጣ እንደሆነ ይሞክሩ። መጀመሪያ እምቢ ማለቱ አይቀርም። የራውተር ኢንተርፌስ (መሰኪያው) ሲመጣ ዝግ ስለሆነ «ኖ ሻትዳውን» የሚለውን ትዕዛዝ ካልጻፉ አይነሳም። በስዊቾቹ መካከል ያለው መስመር ትረንክ (ብዙ ቪላን አብሮ የሚያሳልፍ) ካልሆነ የሁለቱም ቪላን ትራፊክ አብሮ አይሻገርም። ሁሉም ትክክል መስሎ እምቢ ካለ፣ ኮምፒውተሮቹ ላይ ጌትዌይ (የራውተሩን አድራሻ) መሙላትዎን ይዩ።

የተበላሸውን፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን ጽፈው ያስቀምጡ። ሲቪ ላይ «ኔትወርክ አውቃለሁ» ከሚሉ «ሁለት ቪላን በአንድ ራውተር አገናኝቻለሁ» ይበሉ፤ ጠያቂው የሚይዘው ነገር ያገኛል። /26 የተባለ የኔትወርክ መጠን ስንት መሣሪያ ይይዛል ቢባሉ 62 ነው፦ ከ64 አድራሻ አንዱ ለኔትወርኩ፣ አንዱ ለብሮድካስት (ለሁሉም በአንዴ መላኪያ) ይሄዳል።

ሾልከው የወጡ የፈተና ጥያቄዎችን አይንኩ፤ ሰርተፊኬት ያሰርዛሉ። ሲመዘገቡም ስምዎን ልክ ፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ይጻፉ፤ ካልገጠመ ከፈተናው በር ሊመልሱዎት ይችላሉ።