ችግኝ ይዛችሁ ወደ ትንሽ ሳህን አትሩጡ

ቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን ትንሽ ሳህን ውስጥ አሳንሶ ማሳደግ፣ ልጀምር ነው የሚለኝ ሰው በዝቷል። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ግን የደረቀ ችግኝ በፌስታል ይዞ የሚመጣውም አብሮ በዝቷል፤ ያደረቁት ስህተቶች ደግሞ ሁሌ ያው ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከማስረዳ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ብዙው ወሬዬ ሜፕል ስለሚባለው ዛፍ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ያንን ደማቅ ቀይ ቅጠል አይቶ ነው የሚጀምረው። ወይራና ጽድ ላይም ስህተቱ ያው ነው። እንዲያውም ለጎንደር ሰው እነሱ ይሻላሉ፤ እመጣበታለሁ።

ችግኙን ገና በልጅነቱ ሳህን ውስጥ መክተት

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ይሄኛው ነው።

ባለፈው አንድ ልጅ መጣ። ወለቃ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ፣ ሄዶ በጣም የሚያምር ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን አሠርቷል። ውስጡ እርሳስ የማያክል የወይራ ችግኝ አለ። ከላይ እስከ ታች በሽቦ ተጠምዝዟል፣ ዙሪያውን ነጭ ጠጠር ተነስንሶበታል። «ጋሼ፣ ስንት ክረምት አለፈው፤ ለምንድን ነው ግንዱ የማይወፍረው?» አለኝ። «እንዳይወፍር አድርገህ አስረኸዋላ፣ የኔ ወንድም» አልኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ውሃ አላስጠማውም፣ ተባይ አላስነካውም። ግን ያንን ሁሉ ጊዜ ዛፉ ባለበት ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንድ የሚወፍረው በቅጠል ነው። ቅጠል ምግብ ይሠራል፣ ምግቡ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከቅርፊቱ ሥር በየጊዜው አዲስ እንጨት ይደረባል። ብዙ ቅጠል እንዲኖር ደግሞ ብዙ ሥር ያስፈልጋል። ብዙ ሥር ቦታ ይፈልጋል። ትንሽ ሳህን ውስጥ ስትከቱት ሥሩን አቆማችሁት፣ ሥሩ ሲቆም ቅጠሉ ይቆማል፣ ቅጠሉ ሲቆም ግንዱ እንዳለ ይቀራል። የቦንሳይ ሳህን ዋናው ሥራው ዕድገትን መያዝ ነው። ስለዚህ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ዛፉ ከወፈረ በኋላ ነው።

ጃፓኖቹ የሜፕል ችግኝን መሬት ላይ ይተክሉታል። ለዓመታት እንደልቡ ያድጋል፣ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። ከዚያ ዝቅ አድርገው ይቆርጡታል። ከተቆረጠበት ቦታ በታች የሚወጣውን አዲስ ቡቃያ እንደ አዲስ ጫፍ ያሳድጉታል፤ እሱም ሲወፍር እንደገና ይቆርጡታል። ያ ሁላችሁም የምትወዱት፣ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄደው ግንድ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። አቋራጭ የለውም።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልኬት ቁመቱ የግንዱን ውፍረት ስድስት እጥፍ ያህል ቢሆን የሚል ነው። ሠላሳ ሳንቲሜትር የሚቆም ቦንሳይ ካማራችሁ ግንዱ ከሥሩ አምስት ሳንቲሜትር ገደማ መሆን አለበት ማለት ነው። አሁን ያላችሁን ችግኝ ለኩትና ራሳችሁ ፍረዱ።

ሌላም አለ። ዝቅ ብለው የወጡ ቅርንጫፎችን «ያስቀይማሉ» ብላችሁ ቶሎ አትቁረጡ። አንድ ሁለቱን ለማወፈሪያ ብቻ ተዉአቸው፣ ያለ መቀስ ይሩጡ። የታችኛውን ግንድ የሚያወፍሩት እነሱ ናቸው። ሥራቸውን ሲጨርሱ ይቆረጣሉ።

«ቤቴ ኪራይ ነው፣ መሬት የለኝም» የምትሉ አላችሁ። ይገባኛል። ሰፊ የላስቲክ ሳፋ ግዙና ከሥሩም ከጎኑም በጋለ ሚስማር በደንብ ብሱት። የአትክልት መያዣ ቀዳዳ ቀዳዳ የላስቲክ ቅርጫትም በጣም ጥሩ ነው፣ ሥሩ አየር ያገኛል፣ ቤት ስትቀይሩም ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ።

ሥሩን ሳያዩ መትከል

ከችግኝ ጣቢያ የምትገዙት ችግኝ ያደገው በጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው። ዋናው ሥር ወርዶ ከታች ሲደርስ ይታጠፋል፣ ወይም ይዞራል። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ እንዳለ ከተከላችሁት ያ ጥምዝ ሥር አብሮ ይወፍራል፣ ከዓመታት በኋላ ራሱን አንቆ ታገኙታላችሁ። ያኔ ማስተካከል ከባድ ነው።

አፈሩን በውሃ አጥባችሁ አራግፉት። የታጠፈውን ዋና ሥር ቁረጡ፣ ወደ ጎን የሚሄዱትን ቀጫጭን ሥሮች ግን ጠብቋቸው። እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው ዘርግታችሁ፣ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገብታችሁ ትከሉት። ድንጋዩ ሥሩን ወደ ታች ከመውረድ ከልክሎ ወደ ጎን ይሰደዋል። ወይራ ከሆነ ይህን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ብታደርጉት ይበጃል። ሜፕል ከሆነ ቡቃያው ከመፈንዳቱ በፊት ነው። የመጋቢት ፀሐይ ላይ ግን በጭራሽ።

ሥር ምን ያህል ውበት እንደሆነ ያልገባው ሰው ፋሲል መዋኛ ሄዶ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። የጥምቀት ዕለት አይደለም፣ ሰው በማይበዛበት ቀን። ግንቡ ላይ የወጡት ዛፎች ሥራቸው ድንጋዩን ጨብጦ እንዴት ወደ መሬት እንደሚወርድ፣ የት ላይ እንደሚከፈል፣ ከግንዱ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ እዩ። በዓለም ላይ ያሉ የቦንሳይ ሰዎች በድንጋይ ላይ የተተከለ ዛፍ ለመሥራት የሚደክሙት ይህንኑ ለማምጣት ነው። እኛ ከተማችን ውስጥ አለን። ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል፣ ይህን አምኜ ነው የምናገረው።

ሜፕል ጎንደርን እንደ ጃፓን ይቆጥረዋል ብሎ ማሰብ

ሜፕል ክረምቱን የሚተኛ ዛፍ ነው። የእኛን ዝናባማ ክረምት ማለቴ አይደለም፤ የበረዶ ብርዱን ነው። ቅጠሉን አራግፎ፣ ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ለብዙ ሳምንታት ማረፍ ይፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀን ፀሐዩ መልሶ ያሞቀዋል። የቀኑ ርዝመትም ብዙ አይለዋወጥም። ዛፉ መቼ ተኝቶ መቼ እንደሚነሣ ግራ ይገባዋል። የመጀመሪያ ዓመት ያምራል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል።

አትሞክሩ አልልም። ከሞከራችሁ ግን እጅ መሰል ቅጠል ካለው የጃፓን ሜፕል ይልቅ ባለ ሦስት ጣቱን ሞክሩ፤ ሙቀት ይችላል። በቀዝቃዛው የግቢያችሁ ጥግ፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚደርስበት አስቀምጡት። ደባርቅ ወይም ዳባት ዘመድ ያለው ሰው ከእኛ የተሻለ ዕድል አለው።

ዘሩም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የሜፕል ዘር ክንፍ ያለው ነው፣ እንዲሁ አፈር ውስጥ ብትጥሉት አይበቅልም። ለብ ባለ ውሃ ቀንና ሌሊት ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ከ90 እስከ 120 ቀን ይቀመጣል። ፍሪዘር አላልኩም፣ ፍሪጅ ነው። መብራት ሲጠፋ በሩን እየከፈታችሁ አትዩት።

ሰማያዊ ቅጠል ያለው የሜፕል ዘር እየተባለ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውን ደግሞ አትግዙ። ሰማያዊ ሜፕል የሚባል ዛፍ የለም። አንዲት እህቴ ብዙ ብር ከፍላ አስመጥታ የበቀለላት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየነውም፣ ሜፕል ግን አይደለም።

ወይራ ግን እዚሁ የኛው ነው። ትንሽ ቅጠል አለው፣ ከአሮጌ ግንድ ላይ ሳይቀር አዲስ ቡቃያ ያወጣል፣ ቢቆርጡት ይችላል። ከዘር ከጀመራችሁ ጠንካራውን ፍሬ ውስጡን ሳትጎዱ ሰንጠቅ አድርጉለት፣ ያለዚያ ብዙ ያስጠብቃችኋል።

ሳሎን ማስቀመጥ

ቦንሳይ ከቤት ውጭ የሚኖር ዛፍ ነው። ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) እ.ኤ.አ. በ1976 ከጃፓን የተሰጠ ነጭ ጥድ (ፓይን) አለ። ከ1625 ጀምሮ በቦንሳይነት የተያዘ ነው፤ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ እዚያው ከተማ፣ ግቢ ውስጥ ከአጥር ሥር ነበር፣ ተረፈ። ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው ፀሐይና ነፋስ እያገኘ ነው። እንግዳ ሲመጣ ለአንድ ከሰዓት ጠረጴዛ ላይ አውጡት፣ ከዚያ መልሱት።

አፈርና ውሃ

ዋልካ አፈር ዕቃ ውስጥ አትክተቱ። ሲርስ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ እንደ ብሎኬት ይሆናል፣ ሥሩ አየር አያገኝም። ብሎኬት የሚመረትበት ቦታ ጠይቃችሁ ያንን ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የእሳተ ገሞራ ጠጠር አምጡ። ነፍታችሁ ደቃቁን ጣሉ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያህለውን አስቀሩ። ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉት፣ ጠጠሩ ይብዛ።

ውሃ ላይ «በየስንት ቀኑ?» ነው የሚሉኝ። ቀን የለውም። ጣታችሁን ሁለት ሳንቲሜትር አስገቡ፤ መድረቅ ከጀመረ ከሥር እስኪፈስ አጠጡ፣ ርጥበት ካለ ተዉት። የካቲትና መጋቢት ላይ በቀን ሁለቴ ሊፈልግ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጨርሶ ላይፈልግ ይችላል፤ ያኔ ዕቃውን በአንድ ጎን ድንጋይ አስደግፋችሁ አዘንብሉት፣ ውሃው ይውረድ። ወለቃ ሳህን የምታሠሩ ደግሞ ቀዳዳው ሸክላው ከመተኮሱ በፊት እንዲበሳ ለሸክላ ሠሪዋ እትዬ ንገሯቸው። በኋላ ልብሳ ስትሉ ይሰነጠቃል።

ዩሪያ በእፍኝ አትጨምሩ። ሥር ያቃጥላል።

ሽቦ አስሮ መርሳት

ቅርንጫፍን ቅርጽ ለማስያዝ የኤሌክትሪክ መዳብ ሽቦ ላስቲኩን ልጣችሁ፣ ከሰል ላይ እስኪቀላ አግላችሁ አቀዝቅዙት፣ ይለሰልሳል። ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ይሁን፣ ጠመዝማዛው ዘንበል ያለ። የሜፕል ቅርፊት ስስ ነው፤ ከሽቦው በፊት በርጥብ ቃጫ ጠቅልሉት። በየሳምንቱ እዩት። ዝናብ ሲገባ ቅርንጫፉ በፍጥነት ስለሚወፍር ሽቦው ይሰምጣል፣ ጠባሳውም ለዓመታት ይታያል። ስትፈቱት በመቁረጫ እየቆራረጣችሁ አንሡት፤ ወደኋላ እየጠመዘዛችሁ ካወጣችሁት ቅርንጫፉ ይሰበራል።

ጽድን እንደ ወይራ መግረዝ

ጽድ አረንጓዴ ከሌለው አሮጌ ቅርንጫፍ ላይ እንደገና አያወጣም። ሁሉንም አረንጓዴ ከላጫችሁበት ያ ቅርንጫፍ አለቀ። ሁልጊዜ ጫፉ ላይ አረንጓዴ አስቀሩ።

ከማይነካ ቦታ መንቀል

ይህን ሰው ሲያደርገው አይቼ በጣም ተናድጃለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ ጽድና ወይራ አይነቀልም። ያ ደን እዚህ አገር የተረፈው ሰው ስላከበረው ነው። ከሰሜን ተራሮች አስታ ነቅሎ ማምጣትም እንዲሁ፤ ፓርክ ነው፣ ሕግ አለው፤ ደግሞም ያን ያህል ከፍታ የለመደ አሮጌ ዛፍ ሥሩ ተበጥሶ ጎንደር ሲወርድ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

ሰኔ ላይ ችግኝ ጣቢያዎች ለተከላ ወቅት ሞልተው ይጠብቋችኋል። ስትመርጡ ረጅሙን አትውሰዱ። ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩት፦ ከታች ወፈር ያለውን፣ ዝቅ ብሎ ቅርንጫፍ ያወጣውን፣ ግንዱ ትንሽ የጎበጠውን ምረጡ። ለተራራ ተከላ ቀጥ ያለ ስለሚፈለግ ሠራተኞቹ ጎባጣውን ወደ ጎን ያደርጉታል፤ ያንን ጠይቁ። ሦስት አራት ውሰዱ፣ አንዱ ቢሞት ተስፋ እንዳትቆርጡ።