በርበሬ ሲቀነጠስ በመሣሪያና በቦታ ምርጫ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ የዓመት በርበሬ የሚሰናዳው በበጋ ነው። የቡሬ፣ የጃቢ ጠህናንና የወምበርማ ዛላ በኅዳርና በታኅሣሥ ገበያውን ያቀላዋል። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ ደግሞ በየግቢው ይሰጣል፣ ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ይፈጫል። ከዚህ ሁሉ ቅንጠሳውን ሰው አቅልሎ ያየዋል፤ ጅራት መንቀል ምን ሥራ አለው ይባላል። እያንዳንዱ ዛላ ለመጨረሻ ጊዜ በእጅና በዓይን የሚያልፈው ግን እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ያመለጠ ሻጋታ፣ ጠጠር ወይም የምላጭ ስባሪ ቀጥሎ የሚገኘው ዱቄቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ እጅን የሚያፈጥን ዓይንን ግን የሚከለክል መሣሪያ፣ ቢፈጥንም አይጠቅምም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

የዛላውን ድርቀት ሳያዩ መሣሪያ መምረጥ

«በመቀስ ይሻላል ወይስ በእጅ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ዛላው ላይ ነው። አንዱን አንሥተው ለሁለት አጥፈው ይዩት። ሳይሰነጠቅ ታጥፎ እንደ ቆዳ ተመልሶ ከተዘረጋ ገና እርጥብ ነው። በእጅ ሲነቅሉት ጅራቱ የዛላውን ትከሻ ቦጭቆ ይዞ ይወጣል፤ በመቀስም ቢሆን ጭማቂው ስለቱ ላይ እየጋገረ ያስቸግራል። እንዲህ ያለውን አይቀንጥሱት፤ ወደ ፀሐይ ይመልሱት። በተቃራኒው ገና ሲነካ ከተንኮታኮተ ከልክ በላይ ደርቋል። ጅራቱ በቀላሉ ይወጣል፣ ዛላው ግን ይሰባበራል፣ ፍሬው ይበተናል፣ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

የሚፈለገው መካከለኛው ነው፦ ሲወዘውዙት ፍሬው የሚንኮሻኮሽ፣ ሲያጥፉት ቀስ ብሎ የሚሰነጠቅ። የበጋ ጠዋት ይህን በነጻ ይሰጣል። በተለይ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ባልራቀ ደጋ፣ ሌሊት ቤት ያደረ ደረቅ ዛላ ከአየሩ ትንሽ እርጥበት ስቦ ጠዋት ይለዝባል። ጤዛው ከተነሣ በኋላ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ የቅንጠሳ ጊዜ ነው። ከቀትር በኋላ ያው ዛላ ብስኩት ይሆናል። ወደ ዓባይ በረሃ በወረዱ ቁጥር ይህ ጊዜ ያጥራልና ሥራውን በማለዳ መጀመር ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ለቅንጠሳ የሚመች ድርቀት ለወፍጮም ለጎተራም አይበቃም። የተቀነጠሰው በዚያው ቀን ተመልሶ ከፀሐይ ይሰጣል፤ ከመፈጨቱ በፊት በጣት ሲጫኑት ጥርት ብሎ መሰበር አለበት። በቁጥር ካሉት፣ ለማቆየት የሚፈለገው የውስጥ እርጥበት ከ10 እስከ 11 በመቶ ገደማ ነው።

በጆንያ ከቶ መውቃት

ዛላውን ጆንያ ውስጥ አስገብቶ በዱላ መምታት ሥራ የቀነሰ ይመስላል። ከዱላው በኋላ ጆንያው ሲፈታ ግን ጅራቱ ብቻውን አይወጣም፤ ከዛላው ጋር አብሮ ተሰባብሮ ይገኛል። ሙሉ ጅራት በሰፌድ ሲያንዘረዘሩት ይለያል። የተሰባበረ የጅራት እንጨት ግን ክብደቱ ከዛላው ስባሪ ጋር ስለሚቀራረብ በማበጠርም በወንፊትም አይወጣም። ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ያጠቁራል፣ ወጡ ላይም ጭድ ጭድ ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን የሻገተውና ደህናው አንድ ላይ ደቅቆ መለየት አለመቻሉ ነው።

የልብስ ሰፊ መቀስ፣ ምላጭ፣ ቢላ

እጅ ከመቀስ ይበልጣል። ምክንያቱም የሚነቀለው ነገር ሁለት ነው፦ ጅራቱና ዛላው አናት ላይ የተደፋው ቆብ። በግራ እጅ ዛላውን ትከሻው ላይ ይዘው፣ የቀኝ አውራ ጣትዎን ቆቡ ሥር አስገብተው ወደ ጎን ሲገፉት ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። ወደ ላይ ከጎተቱት ግን ጅራቱ ብቻ ተቆርጦ ቆቡ ይቀራል። መቀስም ያው ነው፤ ከቆቡ በላይ ቢቆርጡ ቆቡ ይቀራል፣ ከቆቡ በታች ቢቆርጡ የዛላው ሥጋ በቀለበት መልክ ይጣላል። አንድ ዛላ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ 20 ኪሎ ላይ ግን ይታያል።

መቀስ የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጅራቱ ወፍራም ሆኖ አልነቀል ላለው ዛላ ነው። ሁለተኛው ውስጡ የሚያጠራጥረውን ዛላ ሰንጥቆ ለማየት ነው። ለዚህ ስለቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጫፉ ሹል፣ የማይዝግ ትንሽ መቀስ ይበቃል። የልብስ ሰፊው ትልቅ መቀስ ለሰዓታት ሲከፈትና ሲዘጋ የአውራ ጣትን ሥር ያሳምማል። ስለቱ በቅባት ሲጋገር በውሃ አይለቅም፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ ይጥረጉትና ከዚያ በሳሙና ይጠቡት።

ምላጭ ከሥራው ቦታ ጨርሶ ይራቅ። ሲሰበር ስባሪው ክምሩ ውስጥ ይጠፋል፣ ወፍጮውም አይለየውም። ቢላ በጣት ላይ አስደግፎ መቁረጥም በሚያቃጥል እጅ ላይ ቁስል መጨመር ነው፤ የበርበሬ ቁስል ደግሞ የቀመሰው ያውቀዋል።

ማንኛውንም ጓንት ጓንት ነው ብሎ ማጥለቅ

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በብዛት የሚገኘው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ፍሬው ውስጥ ሳይሆን፣ ፍሬው ተጣብቆ የሚያድግበት ነጩ ጅማት ላይ ነው። ፍሬው የሚያቃጥለው እሱን ስለሚነካ ነው። ካፕሳይሲን በዘይትና በአልኮል ይሟሟል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ግን አይለቅም። ይህን ካወቁ የጓንቱም የመታጠቡም ጉዳይ ይገባዎታል።

የጨርቅ ጓንት ብናኙን መጥጦ ቆዳ ላይ አጣብቆ ያውለዋል፤ ከባዶ እጅ ይብሳል። ምግብ ቤት የሚታየው ስስ የላስቲክ ጓንት እጅ ላይ ይንሸራተታል፣ በጅራቱ ጫፍ ይቀደዳል። የሐኪም ቤቱ ነጭ የጎማ ጓንት ለአጭር ጊዜ ያገለግላል፣ ሲቆይ ግን ቅባቱን ያሳልፋል። ለረጅም ሥራ የሚሻለው ናይትራይል የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ጓንት ነው። ልክዎን ይምረጡ፤ ጣት ጫፍ ላይ የሚተርፍ ጓንት ቆቡን አያስይዝም። እጅዎ ላብ ሲሞላ ወይም ጓንቱ ሲቀደድ ይቀይሩ።

ጓንት ከሌለ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት እጅዎን በምግብ ዘይት በስሱ ይቀቡ። ሲጨርሱ ወዲያው ወደ ውሃ አይሩጡ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እጅዎ ላይ አሽተው በጨርቅ ይጥረጉ፣ ይህን አንድ ጊዜ ይድገሙ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ የነካ እጅ ይብሱን ይነዳል። ዓይን ከነካ ግን ዘይት የለም፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ሕፃን የምታጠባ እናት ከዚህ ሥራ ብትቀር ይመረጣል፤ ከሠራች ደግሞ እጇን ብቻ ሳይሆን ልብሷንም ሳትቀይር ልጁን አትያዝ።

በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሰፌድ ጭን ላይ አድርጎ፣ ማድ ቤት ውስጥ መሥራት

የተለመደው አቀማመጥ ይህ ነው፤ ስህተቱም ሁለት ነው። ፊት ከሰፌዱ በላይ በቀጥታ ስለሚሆን የሚነሣው ብናኝ ሁሉ ወደ አፍንጫና ወደ ዓይን ይሄዳል። ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ አየር አይዘዋወርም፣ ምድጃ አጠገብ የወደቀ አንድ ዛላ ሲጨስ ቤቱን ሁሉ ያስላል።

በረንዳ ወይም ጥላ ያለው ግቢ ይምረጡ። ትንሽ አመድ ወይም ገለባ ለቀቅ አድርገው ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ይዩና ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው ይቀመጡ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር መቀመጫም ይቀየራል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አፍና አፍንጫ በነጠላ ጫፍ ከሚሸፈን በጭምብል ቢሸፈን ይሻላል፣ ነጠላው በኋላ ዓይን መጥረጊያ ስለሚሆን።

ከ70 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ተራ ጠረጴዛ ከመደገፊያ ወንበር ጋር ጀርባን ያድናል፣ ፊትንም ከብናኙ ያርቃል። ከ10 ኪሎ በላይ የሚቀነጥስ ቤት ደግሞ በእንጨት ፍሬም ላይ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ የሽቦ ወንፊት ቢያስመታ ይጠቅመዋል። ፍሬና አሸዋ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዛላ ከላይ ይቀራል። የዶሮ ቤት ሽቦ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ስባሪ ዛላ ያፈሳል። ያልተቀነጠሰው በግራ፣ የተቀነጠሰው በቀኝ፣ የጅራቱ ሳህን መሐል፣ የተበላሸው ዛላ ማስቀመጫ ደግሞ ክዳን ያለው ሆኖ ከሁሉም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ኪሎ በላይ አያፍስሱ፤ ክምሩ ሲተልቅ ዓይን ይደክማል።

ወንፈል የተጠራ እንደሆነ አንድ ሰው ቅንጠሳውን ትቶ የሚፈስሰውን ዛላ ብቻ ይምረጥ። ጨዋታ የያዘ ሰው እጁ ይሠራል፣ ዓይኑ ግን ከጨዋታው ጋር ነው። የአንዱ ቤት ዛላ ካለቀ በኋላ የሌላው ይፍሰስ እንጂ አንድ ላይ አይቀላቀል፤ የአንዱ ቤት ሻጋታ የሌላውንም ያበላሻል።

ያገኙትን ማንጠፍ

ላስቲክ ላይ የተሰጣ ዛላ ከሥሩ ያልበዋል። ባዶ መሬት ወይም በእበት የተለቀለቀ አውድማ ደግሞ የሻጋታ ዘር የሚገኝበት ነው፣ የደረቀ ዛላም አብዛኛውን ጊዜ ሳይታጠብ ነው የሚፈጨው። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ማዳበሪያ ወይም ተባይ ማጥፊያ የነበረበት ከረጢት ነው። ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም፤ አዲስ ከረጢት መግዛት ይቻላል። ሰሌን፣ ንጹሕ የቃጫ ጆንያ ወይም ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ የተወጠረ ሽቦ ይመረጣል። ዛላው በአንድ ረድፍ ይሰጥ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይገላበጥ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሰብሰብ። የሌሊት ጤዛ የቀኑን ሙሉ ድካም ይመልሰዋል።

ብናኝ እንዳይነሣ ውሃ መርጨት

እውነት ነው፣ ውሃ ሲረጩበት ብናኙ ይቀንሳል፣ ዛላውም አይሰባበርም። ነገር ግን የተረጨው ውሃ ከላይ ሲደርቅ ቆብ ሥርና ዛላው ውስጥ ይቀራል። ያ ዛላ ተከምሮ ካደረ ሻጋታ ይጀምረዋል። ለማለዘብ የጠዋት አየር ይበቃል። ገበያ ላይም ቢሆን ከመግዛትዎ በፊት እጅዎን ጆንያው መሐል ድረስ ያስገቡ፤ ከላይ የሚንኮሻኮሽ ሆኖ መሐሉ የሚቀዘቅዝና የሚለሰልስ ከሆነ ውሃ አይቷል፣ የሚከፍሉትም ለውሃው ነው።

የዓመቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ መቀንጠስ

ቆቡ ክዳን ነው። ከተነሣ ዛላው አናቱ ላይ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ነቀዝም እርጥበትም በዚያ ይገባሉ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚደለዘውንና የሚፈጨውን ብቻ ይቀንጥሱ፣ ሌላው ከነጅራቱ ይቆይ።

የሻገተውን ጫፉን ቆርጦ ሌላውን ማስቀረት

ከሁሉም ስህተት ይህ ይከፋል፤ የሚሠራውም አንጀት ስለማይችል ነው። ዛላ ውድ ነው፣ ግማሹ ቀይ ሆኖ ሲታይ መጣሉ ያሳዝናል። ነገር ግን አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙ አይታይም፣ ሻጋታው ካለበት ቦታ አልፎ ይገኛል፣ በማመስና ወጥ ውስጥ በማንተክተክም አይጠፋም። ምን ያህል ጥቂቱ እንደሚያስፈራ ለማወቅ፣ የአውሮፓ ኅብረት በደረቅ በርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በ1 ኪሎ 10 ማይክሮ ግራም ነው፤ ይህም ከ1 ግራም 100,000 እጅ አንዱ ማለት ነው።

የሻገተ ዛላ ሁልጊዜ ከውጭ አይታወቅም። ከመጠን በላይ የቀለለ፣ ቆቡ ዙሪያ የጠቆረ፣ ሲወዘወዝ ፍሬው የማይንኮሻኮሽ፣ ወይም ትል የበሳው ከሆነ በመቀስ በቁመቱ ይሰንጥቁት። ውስጡ ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር አቧራ ካለው፣ ፍሬው ተጣብቆ ከጠቆረ ሙሉውን ይጣሉ። ሲሰነጥቁትም ወደ አፍንጫ አያስጠጉት። ፀሐይ አፍዝዞት ነጣ ያለ፣ ውስጡ ግን ንጹሕ የሆነ ዛላ ሌላ ነገር ነው፤ ቀለሙን እንጂ ጤናን አይጎዳም፣ ለሽሮ በርበሬ ይሆናል። ከአንድ ጆንያ በዘፈቀደ 20 ዛላ ሰንጥቀው 2 ወይም 3 ሻጋታ ካገኙ፣ ያንን ጆንያ አንድ በአንድ ሳይሰነጥቁ አይለፉት። የተጣለውንም ለዶሮ አይስጡ፤ ዶሮም በዚህ መርዝ ትጎዳለች።

ፍሬውን በሙሉ መጣል ወይም በሙሉ ማስቀረት

ፍሬ ሲበዛ ዱቄቱ ይነጣል፣ በፍሬው ዘይት ምክንያትም ቶሎ ይበላሻል። ጨርሶ ሲወጣ ደግሞ ኪሎው ይቀንሳል። ወንፊቱ ሥር የወረደውን ለብቻው አንዘርዝረው ጠጠሩን ካወጡ በኋላ፣ ለዓመት ከሚቀመጠው ዱቄት ውስጥ ባያስገቡት ይሻላል፤ ቶሎ ለሚያልቅ ሚጥሚጣ ወይም አዋዜ ግን ይሆናል። ጅራቱና ቆቡ እሳት ውስጥ አይጣል፤ ጭሱ ጎረቤትን ሁሉ ያስላል፣ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ይበቃል።