ሠራተኛን በጽሑፍ ከማስጠንቀቅ በፊት የሥራውን አደረጃጀት መመርመር

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የላይን (የስፌት መስመር) ሱፐርቫይዘር በነበርኩበት ጊዜ፣ የሸሚዝ ኮሌታ የምትሰፋ አንዲት ልጅ ለተከታታይ ቀናት ኮታዋን ሳትሞላ ቀረች፤ እኔም ነገሩን ሳላጣራ በስንፍና ፈርጄ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት አደረግሁ። ኋላ አጠገቧ ቆሜ ስመለከት ግን፣ እኔ «ቶሎ ቶሎ በይ» ባልኩ ቁጥር የጥራት ተቆጣጣሪው ቀይ ስቲከር የለጠፈበትን ኮሌታ እየመለሰ «ፈትተሽ እንደገና ስፊው» ይላታል። የፈታችበት ጊዜ ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም ነበር።

ስለዚህ ከሠራተኛው ጠባይ አስቀድሞ መመርመር ያለበት፣ ትእዛዝ ከየት ከየት እንደሚደርሰው ነው። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 ካሳተማቸው 14 የአስተዳደር መርሆዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ትእዛዝ መቀበል ያለበት ከአንድ አለቃ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ወረቀት ይያዙና በአንድ ፈረቃ ውስጥ ያንን ሠራተኛ ያዘዙትን ሁሉ፣ መካኒኩን ጭምር፣ ይመዝግቡ፤ ትእዛዞቹ የሚጋጩ ሆነው ካገኟቸው ከሠራተኛው ጋር ሳይሆን ከአዛዦቹ ጋር ይነጋገሩ። እኛ የተስማማነው ጉድለት ያለበት ሥራ በሱፐርቫይዘሩ በኩል እንዲመለስና ለማስተካከያው የጠፋው ጊዜ ከዕለቱ ኮታ ላይ እንዲታሰብ ነበር።

ኮታው ራሱ የፍሬድሪክ ቴይለር ቅርስ ነው። ሥራን ከፋፍሎ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰዓት መለካትን ያስፋፋው ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ በመሆኑ፣ ዛሬ ስቶፕዋች ይዞ ላይን ላይ የሚቆመው ባለሙያ የእሱ ደቀ መዝሙር ነው ማለት ይቻላል። ልኬቱን አይናቁት፤ ነገር ግን በማን፣ በየትኛው ጨርቅና በስንት ሰዓት ላይ እንደተወሰደ ይጠይቁ። ፈጣኗ ልጅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሰፋችው ቁጥር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለደከመች አዲስ ሠራተኛ መለኪያ አይሆንም።

የቡድንን ጉዳይ ደግሞ ከቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆቶርን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 የተካሄዱት ጥናቶች ገለጡት፤ እዚያ በተጠና አንድ ክፍል ውስጥ 14 ሠራተኞች የቀኑን ምርት ልክ በመካከላቸው ወስነው፣ ከዚያ በላይ የሚፈጥነውን ራሳቸው ይገስጹት ነበር። ሐዋሳም ላይ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩና አብረው ዕቁብ የሚጥሉ ልጆች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዷን ሳያማክሩ ወደ ሌላ ላይን ቢያዛውሩ የሚያኮርፈው ቡድኑ በሙሉ ነው። የዕቁቧ ሰብሳቢ ማን እንደሆነች ማወቅ፣ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የድርጅት መዋቅር ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል።

ለአዲስ ሠራተኛ ጥንቃቄው ይበልጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ ስለማይችል፣ የተመለሰውን ሥራና የስፌት መኪና ብልሽቱን ጨምረው የየዕለቱን ውጤት ከመጀመሪያው ቀን አንሥተው ይመዝግቡ፤ ያለዚያ ውሳኔው በመጨረሻው ሳምንት ትዝታ ላይ ይመሠረታል።

ማስጠንቀቂያ የሚፈርሙት ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ይሁን። እኔ የኮሌታ ሰፊዋ ወረቀት ከፋይሏ እንዲወጣ በጠየቅሁ ጊዜ፣ ከአስተዳደር ክፍሉ ያገኘሁት መልስ «አንዴ የገባ አይወጣም» የሚል ነበር።