የቆየች ስፖርት መኪና ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ 20 ዓመት ያለፋት ፖርሽ ቦክስተር ወይም ኒሳን 350ዜድ ያለው ሰው መኪናዋን ሊሸጥ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንዱ ወዳጅ «ለዲለር ትሬድ ኢን አድርግና ተገላገል» ይለዋል፤ አሮጌዋን ለመኪና ነጋዴው ሰጥተህ ዋጋዋን ከአዲሷ ላይ አስቀንስ ማለቱ ነው። ሌላው «ዲለር ይበላሃል፤ ራስህ ሽጣት» ይለዋል። ሁለቱም ልምዱን ያገኙት ካምሪና ኮሮላ ሲሸጡ ነው።

ካምሪ የሁሉም ሰው መኪና ናት። የቆየች ስፖርት መኪና ግን ገዢዋ ጥቂት ነው። ያም ጥቂት ገዢ ስለ መኪናዋ ከሻጩ በላይ ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለራስ መመለስ ይሻላል። መኪናዋ ነገሩን በሚያውቅ ገዢ ፊት ብትቀርብ ታኮራለች ወይስ ታሳፍራለች? የምታኮራ ከሆነ ለግለሰብ መሸጡ ድካሙን ይክሳል። የምታሳፍር ከሆነ ዲለሩ ይሻላል። ይህን ሳይመልሱ የሚጀምሩ ሰዎች ከታች ያሉትን ስህተቶች ደጋግመው ይሠራሉ።

የዲለሩን ግምት የመኪናዋ ዋጋ አድርጎ መቀበል

አዲስ ቶዮታ የሚሸጥ ዲለር የ2003 ቦክስተር ግቢው ውስጥ ማቆም አይፈልግም። የሚያውቅላት ሜካኒክ የለውም፤ ደንበኞቹም እሷን ፈልገው አይመጡም። ስለዚህ ገና ከእጃችሁ ሳይቀበላት ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል። የምትሄደው ዲለሮች ብቻ ወደሚገበያዩበት የጅምላ ጨረታ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ ማንሃይም ይባላል። ገማቹ እዚያ ምን ያህል እንደምታወጣ ያያል። ከዚያ የማጓጓዣውን፣ የጨረታውን ክፍያና የራሱን ትርፍ ይቀንሳል። የቀረው ለእናንተ ነው።

ይህ ሌብነት አይደለም፣ ንግድ ነው። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የገማቹ ኮምፒውተር በዋናነት የሚያየው ሞዴሉን፣ ዓመቱን፣ ማይሉንና የአደጋ ታሪኩን ነው። ሁለት ቦክስተሮች አሉ እንበል። በዓመትም በማይልም እኩል ናቸው። የአንዷ ባለቤት እያንዳንዱን ዘይት ቅየራ በደረሰኝ ይዟል። የሌላዋ ባለቤት ዘይት መቼ እንደቀየረ አያስታውስም። ለዲለሩ ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ቦክስተር ለሚወድ ሰው ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

መሀል ላይ ሦስተኛ መንገድም አለ። የቆዩ ስፖርት መኪኖችን ብቻ የሚያገበያዩ ዲለሮች አሉ። አንዳንዶቹ መኪናዋን በእናንተ ስም አስቀምጠው ሸጠው ኮሚሽን ይወስዳሉ። ሥራ ለሚበዛበትና ጥሩ መኪና ላለው ሰው ይህ መታየት አለበት።

«ትሬድ ኢን ታክስ ያስቀራል» የሚለውን በጅምላ ማመን

አባባሉ በብዙ ግዛቶች እውነት ነው። ቴክሳስን እንውሰድ። የመኪና ሽያጭ ታክሱ 6.25 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ትሬድ ኢኑ ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው ላይ ነው። ዳላስ የሚኖር ሰው 40,000 ዶላር የምታወጣ መኪና ሊገዛ ነው እንበል። አሮጌዋን ዲለሩ በ12,000 ተቀበለው። ታክሱ በ28,000 ላይ ይሰላና 1,750 ዶላር ይሆናል። ትሬድ ኢን ባያደርግ 2,500 ይከፍል ነበር። ስለዚህ ለግለሰብ ሲሸጥ ከ12,750 በታች ቢያገኝ ከስሯል ማለት ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች አካባቢ ያላችሁ ልብ በሉ። እዚያ 4.15 በመቶው የሚሰላው በሙሉው ዋጋ ላይ ነው። ትሬድ ኢን ብታደርጉም ባታደርጉም ለ40,000 ዶላር መኪና 1,660 ዶላር ትከፍላላችሁ። ካሊፎርኒያም እንዲሁ ቅናሽ አይሰጥም። ታዲያ የዲለሩ ሻጭ «ታክሱን አስብበት እንጂ ወንድሜ» ሲላችሁ የየት ግዛት ታክስ እንደሆነ ጠይቁት።

ሦስት ድርድር በአንድ ወረቀት ላይ ማድረግ

ዲለሩ የአዲሷን መኪና ዋጋ፣ የአሮጌዋን ዋጋና የወር ክፍያውን አንድ ላይ ሲያቀርብላችሁ የትኛው ላይ እንደተጎዳችሁ ማወቅ ከባድ ነው። «ያንቺን መኪና በ2,000 ዶላር ጨምሬ እወስዳታለሁ» ይላል። ያንኑ 2,000 ከአዲሷ መኪና ቅናሽ ላይ ቀንሶታል። ወይም ብድሩን ከ60 ወር ወደ 72 ወር አስረዝሞ «ክፍያው ወረደልሽ» ይላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ አሮጌዋን ሳታነሱ የአዲሷን ጠቅላላ ዋጋ ታክሱንና ክፍያዎቹን ጨምሮ በጽሑፍ ተቀበሉ። ትሬድ ኢኑ ከዚያ በኋላ ይነሳ። ወደ ዲለሩ ከመሄዳችሁ በፊትም ያገለገሉ መኪኖችን የሚገዛና የሚሸጥ ካርማክስ የሚባል ድርጅት ጋ ጎራ በሉ። ከእነሱ መኪና ባትገዙም ያንተን እንግዛ ብለው በጽሑፍ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ለ7 ቀን ያገለግላል። ያ ወረቀት የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋችሁ ነው። ከዚያ በታች ማንም አያወርዳችሁም።

የተጠየቀን ዋጋ ከተሸጠበት ዋጋ ጋር ማምታታት

ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ አንዱ ሆንዳ ኤስ2000ን በ38,000 ለጥፏል። ከሁለት ወር በኋላም እንደተለጠፈች ናት። ይህ የሰውዬው ምኞት እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። የተሸጠበትን ዋጋ ለማየት ብሪንግ ኤ ትሬይለርንና ካርስ ኤንድ ቢድስን፣ ሁለቱን የኢንተርኔት የመኪና ጨረታዎች፣ ተመልከቱ። ሁለቱም የጨረታቸውን የመጨረሻ ዋጋ ለሁሉም ክፍት ያደርጋሉ። የሞዴላችሁን ስም ጽፋችሁ ያለፉትን ወራት ሽያጭ አንብቡ።

ሲያነቡ ግን ራስን አለማታለል ነው። እዚያ ሪከርድ የሰበረችው መኪና 18 ሺህ ማይል ብቻ የሄደች፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ልትሆን ትችላለች። 140 ሺህ ማይል ከሄደችው የእናንተ መኪና ጋር ስም እንጂ ሌላ ነገር አይጋሩም።

ታሪኳን በወረቀት አለማዘጋጀት

እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ፖርሽን እንመልከት። ከ1997 እስከ 2008 ሞዴል ባሉት ቦክስተሮችና በዚያው ዘመን በነበሩት መደበኛ 911ዎች ሞተር ውስጥ አንዲት ኩሽኔታ አለች። አይኤምኤስ ይሏታል። በተለይ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ሞዴሎች ላይ የምትገኘው ስሟ ክፉ ነው። ከተሰበረች ሞተሩን ይዛው ትሄዳለች፤ የሞተሩ ወጪ ደግሞ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ዝግጁ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኩሽኔታዋ ተቀይራለች?» ብሎ ነው። ብዙ ሜካኒኮች የሚቀይሯት ፍሪሲዮን በሚቀየርበት ጊዜ ነው። ካምቢዮው ያኔ ወርዶ ስለሚገኝ የጉልበት ዋጋ አይደገምም። ይህን አሠርታችሁ ደረሰኙን ከጣላችሁት ገዢው እንዳልተቀየረች ነው የሚቆጥረው። አይፈረድበትም።

የሌሎቹም ሞዴሎች ጥያቄ የታወቀ ነው። ፖርሽ 944 ያለው ሰው ስለ ቺንጋው ይጠየቃል። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ይጋጫሉና የመጨረሻ ቅየራው መቼ እንደሆነ ቀኑና ማይሉ ይፈለጋል። በየሞዴሉ ያለውን ይህን ጥያቄ ገዢው ሳይጠይቃችሁ በፊት እወቁት።

ጎማም ይነበባል። በጎማው ጎን ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ሄዷል። ጋራዥ ውስጥ ተሸፍና የኖረች መኪና ብዙ ጊዜ የምትያዘው በዚህ ነው።

ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቡ። ሁለተኛውን ቁልፍ ፈልጉ። የፋብሪካ መጽሐፉንም። ገዢው ሜካኒክ ይዞ ልምጣ ወይም እኔ የምለው ጋራዥ ትታይልኝ ቢል ደስ ይበላችሁ። የሚከፍለው እሱ ነው፤ ሊገዛም የመጣው እሱ ዓይነቱ ነው።

ጌጡን ዋጋ አድርጎ መቁጠር

ጩኸታም ማርሚታ 1,200 ዶላር፣ ቸርኬ 2,000፣ ዝቅ የሚያደርጋት ሞላ 600። ባለቤቱ ይህን ደምሮ 3,800 ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ይጭናል። ዲለሩ ለዚህ አንድ ዶላር አይጨምርም፤ እንዲያውም «ይቺ መኪና ተገርፋለች» ብሎ ይቀንሳል። ለቆዩ ስፖርት መኪኖች የተሻለ የሚከፍለው ገዢም የሚፈልገው እንደ ፋብሪካዋ ያለችውን ነው። ዋናው ዕቃ ካለ መልሳችሁ ግጠሙት። ጌጡን ለብቻው ሽጡት።

ሳይጠየቁ ማደስ፣ ተጠይቆ መደበቅ

ሙሉ ቀለም ማስቀባት ገንዘቡን አይመልስም። አዲስ ቀለም ያየ ገዢ «ምን ሊሸፍኑ ነው?» ይላል። ጥሩ እጥበትና የውስጥ ጽዳት ይበቃል።

የሞተር መብራት በርቶ ከሆነ አሠሩት ወይም ተናገሩ። በማሽን አጥፍቶ ማቅረብ ከ1996 ወዲህ ባሉት መኪኖች ላይ አያዋጣም። ኮዱ ሲጠፋ መኪናዋ የራሷን ምርመራዎች እንደ አዲስ ትጀምራለች፤ ሜካኒኩ መመርመሪያውን ሲሰካ «ገና አልተጠናቀቀም» የሚለውን ያነባል። ካሊፎርኒያ ደግሞ የጭስ ምርመራውን ወረቀት ማቅረብ ያለበት ሻጩ ነው። ገዢ ሲመጣ ሞተሩን አስቀድሞ ማሞቅም ያው ማታለያ ተደርጎ ይታያል። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ የሚጀምር ገዢ ብዙ ነው።

በቃል መሸጥ

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛው ሰፈር ይመጣል። «የሀበሻ ልጅ አይደለህ እንዴ? ግማሹን አሁን ልስጥህ፣ ቀሪውን በየወሩ። ታይትሉ ምን ያስቸኩልሃል?» ገዢው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ታይትሉ፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀቱ፣ በስማችሁ እስካለ ድረስ የፓርኪንግ ቅጣቱ፣ የመንገድ ክፍያው፣ አደጋ ከደረሰም ጣጣው ወደ እናንተ ቤት ነው የሚመጣው። ሙሉ ገንዘብ ሳይገባ ታይትል አይፈረምም። ታይትል ሳይፈረም ቁልፍ አይሰጥም። ለአክስት ልጅም ቢሆን።

ካሸርስ ቼክ (ባንኩ ራሱ የሚያወጣው ቼክ) ይዞ የመጣ ገዢ ካለ ቼኩ በወጣበት ባንክ ቅርንጫፍ ተገናኙ፤ ሲጻፍ በዓይናችሁ እዩ። ባንካችሁ ገንዘቡን በማግሥቱ ሊያሳያችሁ ይችላል። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ግን ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅና ገንዘቡ ከእናንተ ሊወሰድ ይችላል። በመኪናዋ ላይ ብድር ካለ ሽያጩን አበዳሪው ባንክ ዘንድ ጨርሱት። «ትክክለኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ፣ ስልክህ ላይ የመጣውን ኮድ ላክልኝ» ለሚል መልእክት መልስ አትስጡ። «ከዚህ ድረ ገጽ ላይ የመኪናዋን ታሪክ ግዛልኝ» የሚለውም ያው ነው።

ገዢው ለሙከራ ከመንዳቱ በፊት መንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንሱ፤ አብራችሁ ግቡ። ማኑዋል ከሆነች መጀመሪያ ፍሪሲዮን መርገጥ እንደሚያውቅ ጠይቁት። ስድብ አይደለም።

ስለ ግብርና ስለ አዲስ አበባ ሁለት ቃል

ከተገዛችበት በላይ ከተሸጠች ትርፉ ለአይአርኤስ፣ ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ፣ የሚገለጽ ገቢ ነው። በኪሳራ ከተሸጠች ግን የግል መኪና ስለሆነች ኪሳራው አይቀነስላችሁም። ወደ ሀገር ቤት ልላካት የምትሉም አላችሁ። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ትሬድ ኢንን እንደ ሽንፈት ማየት

ደረሰኝ የሌላት፣ ታሪኳ ላይ ከባድ አደጋ የተመዘገበባት፣ ሞተሯ ጠዋት ጠዋት የምትንኳኳ መኪና ለግለሰብ ብትቀርብ አሥር ሰው ያያታል፣ አሥሩም ያጣጥላታል። በወሩ ሌላ ግዛት የሚዛወር ሰውም እንዲሁ ጊዜ የለውም። ጣሪያዋ የሚከፈት ማዝዳ ሚያታን በታኅሣሥ በረዶ ውስጥ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ወይ እስከ ፀደይ ይጠብቅ፣ ወይ የዲለሩን ዋጋ ይውሰድ። ልዩነቱ 800 ዶላር ከሆነ፣ ስልኩንና የማያውቁትን ሰው ቤት ድረስ መጥራቱን ስታስቡት፣ ብዙ ላይሆን ይችላል። 4,000 ከሆነ ግን ሁለት ቅዳሜ ይገባታል።

በየትኛውም መንገድ ብትሸጧት በዚያው ቀን ለዲኤምቪ፣ ለመኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት፣ ብታስታውቁ ይሻላል። ካሊፎርኒያ 5 ቀን ትሰጣለች፣ ቴክሳስ 30። ቨርጂኒያ ውስጥ ታርጋው የእናንተ ነውና ፍቱት። ሜሪላንድ ውስጥ ታርጋውን ሳትመልሱ ኢንሹራንሱን ካቋረጣችሁ ቅጣት አለ። ከመኪናዋ ጋር የተገናኘ ስልክ ካላችሁ ከመኪናዋ ላይ ሰርዙት፣ የጋራዡን መክፈቻ አውጡ፣ የመንገድ ክፍያ የሚቆርጠውን ኢዚ ፓስም ከመስታወቱ ላይ ንቀሉት።