በጠርሙስ ዱቄት ውሃ አሳላፊ ኮንክሪት መሥራት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢዎች

ጠርሙስ ኮንክሪትን ያጠነክራል ወይም ያፈርሳል፤ ልዩነቱ የመላሙ ጉዳይ ነው። ከ75 ማይክሮን በታች የላመ ጠርሙስ ሲሚንቶው ሲረጥብ ከሚያወጣው ኖራ ጋር ተዋህዶ ራሱም ያያይዛል። በአሸዋ መጠን የቀረው ግን ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ቀስ እያለ ተዋህዶ፣ እርጥበት እየጠጣ የሚያብጥ ዝልግልግ ነገር ይፈጥራል፤ ኮንክሪቱም ከጊዜ በኋላ ይሰነጣጠቃል። ውሃ እንዲያልፍበት የሚሠራ ኮንክሪት ደግሞ እርጥበት አይጠፋበትም። ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው፦ ዱቄቱን ተጠቀሙ፣ ስባሪውን ተዉት። ስባሪ ከላይ ብቅ ሲል የልጅ እግርም ይቆርጣል።

ከሆቴልና ከመጠጥ ቤት ወይም ከቆራሌው የምትሰበስቡት ተራ የመጠጥ ጠርሙስ ይሁን። የቴሌቪዥን ስክሪንና የፍሎረሰንት አምፖል እርሳስና ሜርኩሪ ስላለባቸው አታስገቡ። ቆርኪና ወረቀቱን አንሡ፣ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። እጥበቱን አትናቁት፤ የለስላሳ ቅሪት ስኳር ነው፣ ከሲሚንቶው ክብደት ከሺህ አንድ እጅ የሚሆን ስኳር እንኳ መጠንከሩን በእጅጉ ያዘገያል። መፍጫው የብረት ኳሶች ያሉት ተሽከርካሪ በርሜል ነው፤ የእህል ወፍጮ በፍጹም አይሆንም። የወጥ ቤት ወንፊት ለዚህ ልመት አይበቃም፤ የግንባታ ላቦራቶሪ ያለውን ቁጥር 200 ወንፊት ተጠቀሙ። ስትፈጩ መነጽርና ማስክ አድርጉ።

ለአንድ ከረጢት፣ 50 ኪሎ ኦፒሲ (ፖዞላና ያልተቀላቀለበት ተራ) ሲሚንቶ፦ 10 ኪሎ የጠርሙስ ዱቄት፣ 250 ኪሎ ጠጠር፣ 18 ሊትር ገደማ ውሃ። አሸዋ አይገባም። ሲሚንቶው ፒፒሲ ከሆነ ፖዞላና፣ ማለትም እንደ ጠርሙስ ዱቄቱ ከኖራው ጋር የሚዋሃድ ዱቄት፣ ቀድሞ ስላለበት ዱቄቱን ወደ 5 ኪሎ፣ ውሃውን ወደ 16 ሊትር ተኩል አውርዱ። ጠጠሩ ከ10 ሚሊሜትር ወንፊት አልፎ በ5 ላይ የቀረ፣ አቧራው የታጠበ ይሁን፤ ‹ዜሮ ዜሮ› እና ‹ዜሮ አንድ› የሚባለው ከክሬሸር ክሬሸር ስለሚለያይ በስም ሳይሆን በመጠን እዘዙ። በ40 ሊትር ሳጥን ሲሰፈር አራት ሳጥን ከሩብ ገደማ ነው። ይህ ድብልቅ 12 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው ንጣፍ 1.3 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ከይዘቱ አንድ አምስተኛው ባዶ ቀዳዳ ይሆናል።

ጠጠሩን በዋዜማው አርጥቡት፤ ደረቅ ከሆነ የሲሚንቶውን ውሃ ይጠጣል። ሚክሰር ውስጥ መጀመሪያ ጠጠሩን ከ3 ኪሎ ሲሚንቶ ጋር አንድ ደቂቃ አዙሩ፣ ከዚያ የቀረውን ሲሚንቶ፣ ዱቄቱንና ውሃውን ጨምሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሊትር በእጅ እያያችሁ ጨምሩ። ጓንት አድርጋችሁ አንድ እፍኝ ጨብጡ፦ ሲለቀቅ ከተበተነ ደርቋል። የሲሚንቶው ሊጥ በጣቶች መሃል ከወረደ ውሃ በዝቷል፤ ወደ ታች ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቅርጹን ይዞ እያንዳንዱ ጠጠር እርጥብ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ልክ ነው።

ከንጣፉ በታች 25 ሴንቲሜትር የታጠበ ወፍራም ጠጠር ይግባ። አስቀድማችሁ ግን አፈሩን ፈትኑ፦ 30 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉ፣ ከጠጣ በኋላ እንደገና ሞልታችሁ በሰዓት ምን ያህል እንደወረደ ለኩ። ከ13 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ከጠጠሩ ሥር ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ቦይ መውጣት አለበት። በኮምቦልቻ ሜዳ ዋልካ መሬት ላይ ይህ ቱቦ የግድ ነው። በደሴ ዳገታማ ሰፈሮች ደግሞ ውሃ ወደ አፈሩ ማስረግ መሬት መንሸራተትን ያባብሳል፤ በገደል አፋፍ፣ በድጋፍ ግንብ ጀርባ ወይም በቤት መሠረት አጠገብ አትሥሩት።

ውሃ ከነካው በአንድ ሰዓት ውስጥ አፍስሳችሁ ጨርሱ። ከካሳፎርማው 1.5 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ደልድሉ፣ በከባድ የብረት ቱቦ እያንከባለላችሁ አውርዱት። ቫይብሬተር ሊጡን ወደ ታች ስለሚያወርደው ክልክል ነው፤ በማለስለሻ መለሰንም ቀዳዳውን ይዘጋል። ፌሮ አታስገቡ፣ አየርና ውሃ ስለሚያገኘው ይዝጋል። በ20 ደቂቃ ውስጥ በላስቲክ ሸፍኑ፣ ነፋስ እንዳይገባ ጠርዙን በድንጋይ ያዙ። ዱቄቱ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ 7 ቀን አይበቃም፤ 14 ቀን ይሸፈን። ሲገለጥ ጠጠሩ በእጅ ከተነቀለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሽፋኑ መዘግየቱ ነው።

ባጃጅና የቤት መኪና ከ28 ቀን በኋላ ይግቡ፤ ለአይሱዙ ግን አይሆንም። አሸዋና አፈር አትከምሩበት። ሰኔ ሳይገባ በጠንካራ መጥረጊያ ጠርጋችሁ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉበት፤ ከተኛ ቀዳዳው በደለል ተይዟል፣ በግፊት ውሃ ወይም በቫኪውም ይጽዳ።