የወረርሽኝ ማስታወቂያ ለሰፈር ስትጽፉ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ኅዳር 2018 ላይ ጂንካ ውስጥ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ እንደተነገረ ሰሞን አንድ የሰፈር ማስታወቂያ በቴሌግራም ደረሰኝ። ያው የ2012ቱ የኮሮና ማስታወቂያ ነው። "ኮሮና" የሚለው ጠፍቶ "ማርበርግ" ገብቶበታል፤ ሌላው እንዳለ ነው። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ፣ ማስክ አድርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ አለቀ። ማርበርግ እኮ በዋናነት የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚኖር ንክኪ ነው። ስለ አስታማሚ፣ ስለ አስከሬን አጠባ፣ ስለ ታማሚው ልብስና አንሶላ አንድ ቃል የለም። ኮሮና ምልክት ከማያሳይ ሰው ታክሲ ውስጥ ሊተላለፍ ይችላል፤ ማርበርግ ግን ምልክት ካልጀመረ ሰው አይተላለፍም። ሁለቱን በአንድ ወረቀት መጻፍ ሰውን ታክሲ ውስጥ አስፈርቶ የበሽተኛ አልጋ አጠገብ ማዘናጋት ነው።

የምሠራው በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳር፣ ካራ አካባቢ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ነው። ቤት ለቤት እዞራለሁ። የወረዳ መግለጫ፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ማስታወቂያ፣ የእድር ጸሐፊ የጻፈው ወረቀት ሁሉ መጨረሻው እኔ እጅ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሰው አንብቦ ያልገባውን የሚጠይቀው እኔን ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ስህተቱም አንድ ዓይነት ነው። አዲስ የተመደባችሁ ልጆች ስላላችሁ ልጻፈው።

ቁጥር ዘርግፎ መሄድ

"ባለፉት 24 ሰዓታት ይህን ያህል ሰው ተመርምሮ ይህን ያህሉ ላይ ቫይረሱ ተገኝቷል፣ ይህን ያህል ሰው አገግሟል፣ ይህን ያህል ሰው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገኛል።" ዜማውን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። በኮሮና ጊዜ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ያወጡት የነበረው መግለጫ የአገር ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ቦታው ነው። ያንኑ ቀድቶ ብሎክ በር ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰው ቁጥር እንዴት እንደሚያነብ ልንገራችሁ። ትናንት 10 ነበር፣ ዛሬ 8 ሆነ። "ቀነሰ" ይላል፣ ማስኩን ኪሱ ይከታል። ትናንት የተመረመረው 100 ሰው፣ ዛሬ የተመረመረው 20 ሰው ቢሆንስ? ከመቶ 10 የነበረው ከመቶ 40 ሆኗል። ብሷል እንጂ አልቀነሰም። እሑድና በዓል ሲሆን የሚመረመረው ሰው ስለሚያንስ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል፣ ከዚያ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሲያሻቅብ ደግሞ ሰፈሩ ይደነግጣል፣ በመሃል በሽታው ምንም አልተቀየረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ገደብ ለማላላት ለሚያስቡ አገሮች ያስቀመጠው መለኪያ ከተመረመሩት ውስጥ ቫይረሱ የሚገኝባቸው ለሁለት ሳምንት ከ5 በመቶ በታች ይሁን የሚል ነበር። ከመቶ ስንት የሚለው ነው ዋናው።

ታኅሣሥ 2014ን አስታውሱ። ቤቱ ሁሉ ያስላል። ቢሮው ያስላል። "የሰሞኑ ጉንፋን" እየተባለ ሁሉም ዝንጅብሉን አፍልቶ ተኛ። ያልተመረመረ ሰው ደግሞ የትም አይቆጠርም። ያን ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ተኝቶ እያየ "ይህን ያህል ሰው ተያዘ" የሚል ወረቀት ያነበበ ሰው በሽታውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው መናቅ የጀመረው።

ቁጥር መጻፍ የግድ ካለባችሁ ስንት ተመርምሮ ስንት እንደተገኘ፣ ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያይታችሁ ጻፉ። ከሥሩ "ስለዚህ በዚህ ሳምንት እንዲህ እናድርግ" የምትል አንድ መስመር ትኑር። እሷ ከሌለች ቁጥሩም ይቅር።

በባለ ሦስት መኝታ ቤት ልክ መምከር

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

"የታመመ ሰው በተለየ ክፍል ይቆይ፣ የራሱን መጸዳጃ ቤት ይጠቀም።" የትኛውን ክፍል? እኔ የማንኳኳው በር አብዛኛው ግቢ ውስጥ ተደርድሮ የተሠራ የኪራይ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ ቀን ቀን ተጠቅልሎ ግድግዳ የሚደገፍ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ ምድጃ፣ በመሃል መጋረጃ። ሽንት ቤቱን አምስትና ስድስት ቤተሰብ ይጋራዋል። ያን ማስታወቂያ ያነበበች እናት የምትረዳው አንድ ነገር ነው፤ "ይሄ እኔን አይመለከትም።" ልክ ናት፣ አይመለከታትም። ከዚያ በኋላ የምትጽፉላትንም አታነብም።

በሽታው እንደ ኮሮና በትንፋሽ የሚተላለፍ ከሆነ ለእሷ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ። ያላችሁ አንድ ክፍል ከሆነ የታመመው በበሩ ወይም በመስኮቱ በኩል ይተኛ። አንዱ ራስጌ፣ ሌላው ግርጌ ሆናችሁ ተኙ። የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሁለቱም ማስክ ያድርጉ። አሮጊትና ስኳር ያለበት ሰው ካለ ለጊዜው ዘመድ ጋ ይሂድ፣ ካልሆነ ከታማሚው ራቅ ያለው ጥግ የእሱ ይሁን። ሽንት ቤት ገብቶ ሲወጣ እጀታው ይጠረግ። ይሄ ፍጹም አይደለም፣ ግን ይሠራል።

መስኮቱን በተመለከተ ደግሞ "ቤታችሁን አናፍሱ" ብሎ ማለፍ አይበቃም። እኛ አገር ለታመመ ሰው የሚደረገው ምንድነው? ጋቢ ይደረብለታል፣ በሩ ይዘጋል፣ "ብርድ እንዳይመታው" ይባላል። ታክሲ ውስጥ እንኳ አንዱ መስኮት ሲከፍት ከኋላ "ኧረ ዝጋው!" የሚል አይጠፋም። ይህን እያወቃችሁ ምክንያቱን ሳትነግሩት "ክፈት" ብትሉት አይከፍትም። ቫይረሱ በታፈነ አየር ውስጥ እንደሚከማች፣ አየር ሲገባ እንደሚሳሳ፣ ታማሚውን ጋቢውን አልብሶ መስኮቱን መክፈት እንደሚቻል ጻፉለት። ሁለቱንም ማድረግ እንደሚችል ሲያውቅ ነው የሚከፍተው።

ውሃ ደግሞ አለላችሁ። "በሚፈስ ውሃ በሳሙና ለ20 ሰከንድ።" ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጀሪካን ተሰልፎ በሚያድርበት ሰፈር! አንዲት እማማ ይህን ሳነብላቸው ጨርሼ እስክቀና ጠብቀው "ሲስተርዬ፣ የሚፈሰውን ካገኘሽው ለእኔም ሁለት ጀሪካን ላኪልኝ" አሉኝ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ማስታወቂያው እዚያው ሞተ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። ክዳኑን በትኩስ ሚስማር በሳሁት፣ ውሃ ሞላሁት፣ ግልብጥ አድርጌ በሲባጎ አጥሩ ላይ አንጠለጠልኩት፣ አጠገቡ ሳሙና በጨርቅ አሰርኩ። ጠርሙሱን ጨመቅ ሲያደርጉት ቀጭን ውሃ ይወርዳል። አንድ ሃይላንድ ብዙ እጅ ያስታጥባል። እማማ አሁንም አላቸው፤ ክዳኑን ብቻ ነው የቀየሩት። ማስታወቂያ ላይ መሆን ያለበት ይሄ ነው፣ ከተቻለ ከነሥዕሉ።

"ሰው ከሚበዛበት ራቁ" የሚለውም የዚህ ዘመድ ነው። በ2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ተደረገ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። መሃል ከተማ ለሚኖር ሰው ምናልባት ይሄ ጥቂት ፌርማታ ነው። ከዳር ለሚመጣ የቀን ሠራተኛ ግን ሁለት ታክሲ ሄዶ ሁለት ታክሲ መመለስ ነው፣ በእጥፍ። ታክሲው ግማሽ ስለሚጭን መገናኛ ያለው ሰልፍ ደግሞ እጥፍ ሆነ፣ ሰልፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው። ታክሲ ውስጥ ያለውን ብቻ እያዩ ሰልፉን የረሱ ማስታወቂያዎች በዝተው ነበር። ሰልፍ ላይ ማስክ አታውልቁ፣ ስልክ በጩኸት አታውሩ፣ ስትገቡ መስኮት አስከፍቱ በሉ። አትሂዱ አትበሉ። ይሄዳል፤ ካልሄደ ማታ አይበላም።

ድንበሩ የት እንደሆነ መርሳት

እኛ ሰፈር ያለ ሰው አዲስ አበባ ይሠራል፣ ለገጣፎ ያድራል። ቡራዩና ሰበታ በኩልም ያው ነው። በ2012 እነዚህ ከተሞች በኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ነበሩ፣ ከ2015 ወዲህ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። "በከተማችን ያለው ሁኔታ" ብላችሁ ስትጽፉ የቱ ከተማ? ቀን ውሎው አንድ ጋ፣ አዳሩ ሌላ ጋ የሆነ ሰው በአንዱ ሪፖርት ላይ እንደ ሠራተኛ፣ በሌላው ላይ እንደ ነዋሪ እየተባለ በመሃል ማንም አይከታተለውም። ማስታወቂያችሁ ላይ ወዲያ ማዶ የሚያድር ሰው የት እንደሚመረመር፣ ንክኪ ካለው ለየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚናገር ጻፉ። ከወዲያ ማዶ የጤና ባልደረቦቻችሁ ጋር ደውላችሁ ተስማሙበት፣ አንድ ሻይ የሚፈጅ ሥራ ነው።

በዚያው፣ አማርኛ ብቻ አትጻፉ። ቅቤና እንቁላል ይዘው ገበያ የሚወጡት ገበሬዎች አፋን ኦሮሞ ነው የሚያነቡት፣ ግማሹም አያነብም፣ በአፍ ንገሩት።

ቀን የሌለው ማስታወቂያ

"ነገ ክትባት ይሰጣል።" ይህቺ አረፍተ ነገር ስንት ሰው እንዳመላለሰች! መጋቢት 2013 ላይ የኮቪድ ክትባት ዘመቻ በተጀመረ ሰሞን አንድ ሰው "ነገ" ብሎ ለቀቃት፣ ከግሩፕ ግሩፕ ስትዞር ከረመች፣ በየማለዳው በዱላ የሚሄዱ አባቶች ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆመው እናገኛቸዋለን። ለእነሱ ሁልጊዜ ነገ ነው። ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ፣ ሥዕል ከሆነ ሥዕሉ ላይ ራሱ ይጻፍ።

ሰዓትም እንደዚያው። ከእርዳታ ድርጅት በመጣ ቅጽ ላይ 8:00 ይላል፣ እናንተ እንዳለ ትገለብጡታላችሁ፣ ሰው ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት ይመጣል፣ ባለሙያው ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ተቀምጦ ማንም አልመጣም ብሎ ዕቃውን ሰብስቧል። "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ጊዜው ያለፈበትን ወረቀት ንቀሉ።

የታመመውን ሰው ማሳወቅ

የብሎክ ቁጥር አትጥቀሱ፣ "ከውጭ የመጣች ልጅ ያለችበት ግቢ" አትበሉ። አንድ ቤተሰብ እንዲህ ከተጻፈበት በኋላ ባለሱቁ መልስ በእጃቸው አልሰጥም አለ፣ ልጆቹን ማንም አላጫወታቸውም። የሚቀጥለው ያመመው ሰው ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ይደብቃል። ንክኪ ያለውን ሰው በሩን አንኳኩታችሁ ለብቻው ንገሩት።

ምክር ሲቀየር በዝምታ ማለፍ

መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ሰው ማስክ አያስፈልገውም ተብሎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 28 ቀን 2012 ምክሩን ለወጠና የጨርቅ ማስክ ይደረግ አለ። እኛ ጋ አሮጌው ወረቀት ተነስቶ አዲሱ ተለጠፈ፣ ማብራሪያ የለም። "ባለፈው አያስፈልግም ብላችሁ ነበር እኮ" ሲሉን መልሱ እኛም ጋ አልነበረም። "ከዚህ በፊት እንዲህ ብለን ነበር፣ አሁን ምልክት የሌለው ሰውም እንደሚያስተላልፍ ስለታወቀ ተቀይሯል" የምትል መስመር ጨምሩ። ሰው ምክንያት ሲነገረው ያን ያህል አያስቸግርም።

ለቅሶን በትእዛዝ ማስቆም

አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለክል "ለቅሶ አትሂዱ" ብለው የለጠፉ ነበሩ። ሰው ግን ሄደ፤ ለዚያውም በጓሮ፣ ተደብቆ፣ ተፋፍጎ። ከመለጠፋችሁ በፊት የእድሩን ዳኛ አናግሩ። አንዱ እድር ድንኳኑን አስቀርቶ ገንዘቡን በሁለት ሰው አድርሶ፣ ጎረቤቱን በየተራ አስገባ። ያን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፣ እኛ ወረቀቱን ብቻ ጻፍን፤ ስለዚህም ተከበረ።

"በበረኪና አጽዱ"

በስንት? አብዛኛው ሱቅ የሚሸጠው በረኪና 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ጠርሙሱን አንብቡ። ለእጀታና ለወለል አንድ ስኒ በረኪና በዘጠኝ ስኒ ውሃ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ሲያድር ኃይሉ ይደክማል። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አይደባለቅ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አንድ ቤት ይህን አድርገው እናትና ልጅ እያሳሉ በረንዳ ላይ ደርሼባቸዋለሁ፣ "ይበልጥ እንዲያጸዳ ብለን ነው" አሉኝ።

በሞንታርቦ መኪና የምትዞሩ ደግሞ በረፋድ አትዙሩ። ሠራተኛው ማለዳ 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጥቷል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ታክሲ መውረጃው ጋ ቁሙ።

ስልክ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ራሳችሁ ደውሉበት። በኮሮና ጊዜ 8335 እና 952 በየግድግዳው ነበሩ፣ አንዳንዱ ወረቀት ላይ ግን አንድ አሃዝ ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። የሚያነሳው ሰው ለገጣፎ ነው የምኖረው ስትሉት ምን እንደሚላችሁ ስሙና እሱን ጻፉ።